ካሜራው ወንድሜን ጥሎ የሄደ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ሞባይል እኛ አገር ሳይገባ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ልብስ እየሰፋሁ በምኖርበት ጊዜ ነው። ዘመኑ ቢርቅም ዛሬም ድረስ በቴሌቪዥን የማራቶን ውድድር ሲጀመር የያዝኩትን መርፌ አስቀምጬ እቆማለሁ። የቤቴ ሰዎች ይስቁብኛል። ያን እሁድና ያን ሰኞ ስላላዩ ነው።

ቢያድግልኝ የሚባል ታናሽ ወንድሜ ሯጭ ነበር። ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን ተነስቶ አዲስ አበባ አንድ ክለብ ገባ። በዚያ ዓመት ክለቡ በአንድ ትልቅ የውጭ አገር ከተማ ወደሚደረግ ማራቶን ላከው። ከመሄዱ በፊት በጎረቤት ስልክ ደውሎ፣ «እቴ፣ እሁድ ዲሽ ያለበት ቤት ፈልገሽ እይኝ። ከፊት ነው የምታይኝ» አለኝ። ከዚያ በላይ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም። የሚሮጥ ሰው ሮጦ ከመጨረስ ሌላ ምን ሥራ ይኖረዋል?

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዲሽ ወዳለው ሆቴል ሄድኩ። የእናታችን ወንድም አያ ታረቀኝ ዘመድ ሊጠይቁ ከተማ መጥተው ስለነበር አብረውኝ ገቡ። አያ ታረቀኝ በመንደራችን የተከበሩ ሽማግሌ ነበሩ። ዕርቅም ሆነ መርዶ ያለ እሳቸው አይሆንም ነበር።

ሆቴሉ ጢም ብሏል። ቴሌቪዥኑ የሚያወራበት ቋንቋ ለማናችንም አይገባንም፤ ግን ማን ሊያዳምጠው! እውነትም ቢያድግልኝ ከፊት ነበር። የዓለም ሯጭ ከኋላው ተሰልፎ እሱ ይመራል። ቀይ ጫማ አድርጓል። የማያውቁኝ ሰዎች ሳይቀሩ አቀፉኝ። አያ ታረቀኝ ብድግ ብለው፣ «ዋ! የኛ ልጅ! የኛ ልጅ!» እያሉ ወለሉን በበትራቸው ይመቱ ጀመር።

ከዚያ ካሜራው ጥሎት ሄደ። ወደ ኋላ ተመልሶ ከኋላ ከሚሮጠው ሕዝብ መካከል፣ ማንነታቸውን በኋላ እንዳወቅሁት፣ መጀመሪያ አንድ ዘፋኝ፣ ቀጥሎ አንዲት የቴሌቪዥን ሴት፣ ቀጥሎ የዶሮ ልብስ የለበሰ አንድ ታዋቂ ሰው ያሳየን ጀመር። ይስቃሉ፣ እጃቸውን ያውለበልባሉ፣ ሲያሻቸው ቆመው ማይክ ይቀበላሉ። «ኧረ እነዚህን ማን ጠየቀ!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ካሜራው ወደ ፊት ሲመለስ ቢያድግልኝ የለም።

አሸናፊው ገባ፤ ሁለተኛው ገባ፤ ሦስተኛው ገባ። ቢያድግልኝ የለም። እንደገና ዘፋኙን አመጡት።

ቆይቶ መንገድ ዳር የተዘረጋ ሰው ታየ። ሰዎች ተንበርክከው ከበውታል፤ ፊቱ አይታይም። እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ስስ ነገር አልብሰውታል። ከታች የወጣው ቀይ ጫማው ብቻ ነው። ካሜራው ከዚያ ሰው ላይ አልነሳ አለ፤ የሚያወራውም ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

የሆቴሉ ባለቤት ቀስ ብላ መጥታ ቴሌቪዥኑን ዘጋችው። ሁሉም መሬት መሬት ያያል።

አያ ታረቀኝ ክንዴን ይዘው ወደ ውጭ አወጡኝ። «አትጠገብ፣ ስሚኝ ልጄ። እንዳትጮሂ። እናትሽ በሰው አፍ ሜዳ ላይ አትሰማም፤ በወጉ ነው የሚነገራት። እኔ አሁን ቡሬ ልግባ። ነገ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹን ይዤ ኸቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እጠብቅሻለሁ። እናትሽን የምትደግፊያት አንቺ ነሽ፤ ሳትመጭ አፋችንን አንከፍትም» አሉኝ።

«አያ፣ መሞቱን በምን አወቁ?»

«ተኝቶ የተሸፈነ ሰው ምን ይባላል ልጄ?»

እሳቸው መኪና ፍለጋ ሄዱ፤ እኔ ቤቴ ገብቼ ሬዲዮኑን ከፈትኩ።

የአገራችን ሬዲዮ የአሸናፊዎቹን ስም ጠራ። ቀጥሎ ታዋቂው ዘፋኝ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ብሎ እንደሮጠ ነገረንና ወደ ሙዚቃ ገባ። ከውጭ በአማርኛ የሚተላለፈውን ጣቢያ ፈለግሁ። እሱ ደግሞ «አንድ ተሳታፊ ወድቆ ሆስፒታል ተወስዷል» አለና ስለ ሌላ ጉዳይ ማውራት ቀጠለ። ማን? የማን ልጅ? ተረፈ ወይስ አልተረፈም? ቴሌቪዥኑ አሳይቶኝ አልነገረኝም፤ አንዱ ሬዲዮ ጭራሽ አላነሳውም፤ ሌላው ግማሹን ነግሮኝ ተወኝ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጌ ወንድሜን ከሞት ላወጣው ስሞክር አመሸሁ። አልወጣልኝም። የክለቡን ስልክ በጎረቤት ቤት ብሞክረውም እሁድ ነውና የሚያነሳ የለም።

ሰኞ በመጀመሪያው አውቶቡስ ቡሬ ወረድኩ። ከዚያ መንደራችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሽማግሌዎቹ እንደሚጠብቁኝ አውቃለሁ። ግን እኔ ካልሄድኩ ለእናቴ አይነገራትም። ስለዚህ አልሄድኩም። ቴሌ ደጃፍ ቁጭ ብዬ እስኪከፈት ጠበቅሁ። የምፈራው ሁለት ነገር ነበር፤ ስልኩ የሚነግረኝን፣ እና እናቴ እነዚያን ሰዎች ከእኔ በፊት ማየቷን። ለማን እንደምጸልይ እንኳ ተምታታብኝ።

ሲከፈት መጀመሪያ ገባሁ። የክለቡ ጸሐፊ ስልኩን አነሳ። የወንድሜን ስም ብቻ ጠራሁ።

«ቢያድግልኝ? ደህና ነው። ምነው?»

«አልገባም እኮ! መሀል ላይ ጠፋ!»

«አሯሯጭ ነዋ! የሄደው እስከ ግማሽ ድረስ ሌሎቹን በፍጥነት ሊመራ ነው። ሥራውን ጨርሶ ወጣ። ትናንት ማታ ደውሎልናል።»

«ያ የተሸፈነውስ? የወደቀው?»

«እሱማ የፊልም ተዋናይ ነው። ብርድ እንዳይመታው ነው ያለበሱት። ዛሬ እዚያ አገር ወሬው ሁሉ እሱ ነው አሉ።»

ወንበሩን ይዤ ቆምኩ። ጸሐፊው ቢያድግልኝ ያረፈበትን ሆቴል ስልክ አስጻፈኝ። ከዚያ ጫማዬን አውልቄ በእጄ ይዤ ወደ መንደራችን ሮጥኩ። ሰው ያየኝ እንደሆነ አብዳለች ሳይል አይቀርም።

ዘግይቼ ነበር። እናቴ ሳትጠራ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ሄዳ ሽማግሌዎቹን ቅጥሩ ሥር አግኝታቸዋለች። ማንም ምንም አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ወንድሟን ከእነዚያ ሰዎች ጋር በዚያ ሰዓት ማየቷ በቂ ነበር። ስደርስ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃ፣ ድምፅ ሳታወጣ ወዲያና ወዲህ ትላለች።

«እምዬ! ደህና ነው! ቢያድግልኝ ደህና ነው!» ብዬ ከሩቅ ጮህኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «አውቃለሁ ልጄ። መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚባል» አለችኝ።

ያን ቀን እንደዚያች ንግግር የቆረጠኝ ነገር የለም። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ የሞተ ሰው መጀመሪያ ደህና ነው፣ ቀጥሎ ትንሽ አሞታል፣ ቀጥሎ ጠንቶበታል ይባላል። አያ ታረቀኝ ራሳቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የምርሽን ነው ወይስ ልታረጋጊያት?» አሉኝ። ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ እንጂ ያመነኝ የለም።

እናቴን ደግፈን ቡሬ ወሰድናት። ሽማግሌዎቹም ሊቀሩ ፈቃደኛ አልነበሩም፤ ነገሩ ወደ ለቅሶ ቢዞር እንዳይጎድሉ ነው። መንገድ ላይ ያገኘን ሰው ሁሉ የእናቴን ነጠላ እያየ ኮፍያውን ያወርዳል። «ተዉ፣ ማንም አልሞተም!» እያልኩ እቆጣለሁ።

የውጭ አገሩ መስመር እስኪገኝ ያለው ጊዜ አላልቅ አለን። በመጨረሻ ወደ ስልክ ክፍሏ አብሬያት ገብቼ እጀታውን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። የቢያድግልኝ ድምፅ እኔም ጋ ይሰማል።

«እምዬ! ምን ሆናችሁ? ምን ተፈጠረ?»

እጀታውን ከእጄ ተቀብላ ያዘችው። ከዚያ፣ «ለምን ወጣህ? ማን ገፋህ?» አለችው።

«ማንም አልገፋኝ። ሥራዬ እስከዚያ ነው። ሌሎቹን አድርሶ መውጣት።»

«እሽ። ሁለተኛ ስትወጣ ተናግረህ ውጣ።»

እጀታውን ለኔ ሰጥታ ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አቀናችው። ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። አያ ታረቀኝ ከደጅ ሆነው ለቅሶዋን ሲሰሙ እሳቸውም ጮኹ። ወጥቼ እስክነግራቸው ድረስ ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቴሌ ደጃፍ ያለቅሱ ነበር።

ከቀናት በኋላ ጋዜጦች ፍኖተ ሰላም ደረሱ። ያገኘሁትን ሁሉ ሰብስቤ አነበብኩ። አንዱ የተዋናዩን ፎቶ፣ እንደ ወንድሜ ካለው ቀይ ጫማው ጋር፣ ገጹን ሙሉ አድርጎ አውጥቶታል። ሌላው ከሩጫው በፊት ምን እንደበላ ጽፏል። ሦስተኛው ሆስፒታል ማን ማን እንደጠየቀው ዘርዝሯል። ዘፋኙም፣ የዶሮ ልብስ የለበሰውም አልቀሩም። ስለ ቢያድግልኝ ያገኘሁት አንድ ጋዜጣ ላይ አንድ መስመር ነው፤ «አሯሯጮቹ ግማሹን ካለፉ በኋላ ከውድድሩ ወጥተዋል» ይላል። ስሙም የለም። ያቺን መስመር እሁድ ማታ አንድ ሰው ቢያነብልኝ ኖሮ እናቴ መሬት ላይ አትቀመጥም ነበር።

ተዋናዩ ድኗል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እሱም እናት ይኖረዋል። ቂም የያዝኩት በካሜራው ነው። አሁን ቴሌቪዥን በየቤቱ አለ፤ የምንሰማበትም ቋንቋ ሞልቷል። ካሜራው ከፊት ያሉትን ጥሎ ወደሚስቁት ሲዞር ግን እስካሁን ወደ ቴሌቪዥኑ እጠጋለሁ። ልጆቼ «ማን አሸነፈ?» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እኔ «ቅድም ከፊት የነበረው ልጅስ የት ደረሰ?» እላለሁ።