ጨው የበዛበት ዘፈን

ባለፈው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከልቅሶ ድንኳን ዘልዬ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ልሳፈር እንዳይመስላችሁ... ልቆጣ ነው።

የጎረቤታችን የኦቦ ጉደታ ሠልስት ነበር። አምቦ ውስጥ ኦቦ ጉደታ ያልገቡበት ግቢ የለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ የውሃ ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረዋል። እኔ ደግሞ የሰፈሩ እድር ጸሐፊ ነኝ። የአማርኛ አስተማሪም ስለሆንኩ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲጻፍ ወረቀቱ ወደ እኔ ይመጣል። የእሳቸውንም ቀብሩ ላይ ያነበብኩት እኔ ነኝ። «ቆጣሪ በማንበብ ሕዝብን በቅንነት ያገለገሉ» ስል ድምፄን ሁሉ ወፈር አድርጌ ነበር። ያማረልኝ መስሎኝ ነበር መቼም።

እና ያ ባጃጅ ድንኳናችን አጠገብ ሲደርስ፣ ሁሉም ሰው በቃሉ የሚያውቀውን ዘፈን እስከ መጨረሻው ከፍቶታል።

«ጨው በዝቶበት ወጥሽ ለጥማት ቢያደርስም፣
የሌላዋ ማዕድ አንጀቴን አያርስም...»

«አንተ ሰውዬ! ልቅሶ ቤት መሆኑን አታይም? ዝጋው!» ብዬ ጮህኩበት።

ሹፌሩ፣ የልጆች አባት የሚመስል ሰው ነው፣ ደንግጦ ቆቡን አወለቀ። እጁን ወደ ማጥፊያው ሲሰድ ከኋላዬ የሴት ድምፅ መጣ።

«ማሎ፣ እባክህ አትዝጋው። የራሱ የጉደታ ነው።»

የሟች ባለቤት አዴ ዲንቂቱ ናቸው። የእድሩ ዳኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሐዘን ነው... እንዲህ ያናግራል» አሉኝ። እኔም እውነት መሰለኝ። ያንን ዘፈን የዘፈነው፣ ስሙን የማልጠራው ትልቅ ድምፃዊ ነው። ኦቦ ጉደታ ደግሞ ከቆጣሪ ቁጥር ሌላ ነገር ሲጽፉ ያየ ሰው የለም።

አዴ ዲንቂቱ ግን ወደ ቤት ገብተው አንድ ፌስታል ይዘው ተመለሱ። ውስጡ ብዙ የድሮ የቆጣሪ ማንበቢያ ቅጽ ነው፣ ዳር ዳሩ የተበላ። ፊቱ ላይ ቁጥር... ጀርባው ላይ ግጥም! ያ ሠርግ ሁሉ ላይ የሚዘፈነው አለ። ያ ስለ ወንጪ መንገድ የሚለውም አለ። ስርዝ ድልዙ ሳይቀር በእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው። የጨውን ዘፈን ሳገኘው «ለጥማት ቢያደርስም» እስኪሉ ድረስ ሦስት ጊዜ ሌላ ነገር ሞክረው ሰርዘዋል።

ከፌስታሉ ሥር የዚያ ድምፃዊ ካሴትም ነበር። ሽፋኑን አወጡና «ባርሲሳ፣ እስቲ ይሄን አንብበው» አሉኝ። አስተማሪ ስለሆንኩ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ።

አነበብኩ። «ግጥም፦ የሕዝብ» ይላል።

«ሕዝብ ነው እንዴ ወጤን የበላው?» አሉ።

ሰዉ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። እሳቸውም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትንሽ ሳቁ። ከዚያ እንባቸው መጣ።

«አዲስ ሙሽራ ሆኜ ጨው መመጠን አላውቅም ነበር። አንድ ቀን ወጤን በልቶ እንስራ ሙሉ ውሃ ሊጨርስ! ምንም አላለኝም። በነጋታው ይሄን ጽፎ አነበበልኝ። ኋላ ከኪነት ቡድን ጋር የመጣ ዘፋኝ እኛ ቤት አርፎ ነበር፤ ስጠኝ አለው፣ ሰጠው። ሌሎቹንም እንዲሁ ነው፣ ለጠየቀው ሁሉ ይሰጣል። ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑን አይቶ ሳቀ። ሕዝብ ከወደደው የሕዝብ ነው አለኝ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አሁን ደግሞ አንተ መጣህና ቀብሩ ላይ ቆጣሪ፣ ቆጣሪ ብቻ አልክ።»

መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ።

የባሰውን ደግሞ ልንገራችሁ። አምና ከኦቦ ጉደታ ጋር ሻይ ቤት ተቀምጠን ይሄው ዘፈን ተከፈተ። ሰሙንና ወርቁን ማን አስረዳቸው? እኔ! «ጨው ማለት አሰብ ነው፤ ጥማቱ ደግሞ የወደብ ጥማት ነው» ብያቸዋለሁ። ሶፍት ላይ ካርታ ሁሉ ስዬላቸዋለሁ። እሳቸው ሻያቸውን እያማሰሉ በጥሞና ሰሙኝና «እንዲያ ነው እንዴ? ገጣሚው ለካ ጎበዝ ነው» አሉኝ። ሶፍቷንም አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቷት።

«ያ ቀብሩ ላይ ያነበብከው ወረቀት አብሮህ አለ?» አሉኝ አዴ ዲንቂቱ። ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። «እንደገና አንብብልኝ። አሁን ግን ጨምርበት።»

የእድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የሕይወት ታሪክ ሁለቴ ተነብቦ አያውቅም...» አሉ። ግን ራሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ሰጡኝ።

ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩና ተነሳሁ። በዚህኛው ንባብ ድምፄ እንደ ቀብሩ ቀን አልወፈረም። «የውሃ ቆጣሪ አንባቢና የዘፈን ግጥም ደራሲ ኦቦ ጉደታ... ለባለቤታቸው ለአዴ ዲንቂቱ ከጻፏቸው ግጥሞች መካከል...» ስል ሰዉ ሁሉ አለቀሰ። ቀብሩ ላይ እንኳ እንደዚያ አልተለቀሰም። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

ሹፌሩ አልሄደም ነበር። ቆቡን እንደያዘ ባጃጁ አጠገብ ቆሟል። የእድሩ ዳኛ ሄደው «ከመጀመሪያው አድርገው» አሉት። ወዲያው ደግሞ ሥራቸው ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ «ልቅሶ ነውና... ቀነስ አድርገህ» ብለው ጨመሩበት።

ከእንግዲህ ተማሪዎቼ የዚያን ዘፈን ወርቅ ቢጠይቁኝ መልሴ አጭር ነው... ወጡ ጨው በዝቶበት ነበር፣ ሰውየውም ሚስቱን ይወዳት ነበር።