ከጉልበት በላይ ውሃ

በታኅሣሥ ጠዋት ዓሣ ሰነፍ ነው። ሌሊቱን ውርጭ ሲመታው ያደረውን ውሃ ፀሐይ ካልነካው ከድንጋይ ሥር ተለጥፎ ይተኛል እንጂ አፉን አይከፍትም። እኔም ጋቢዬን ተከናንቤ ዳር ላይ ቁጭ ብዬ ፀሐይዋን እጠብቃለሁ። ጎንደር ከሰፈራችን በታች የሚወርደው ጅረት ትንሽ ነው። ክረምት ሲሞላ ዓሣው ከሐይቁ ሽቅብ እየዘለለ ይመጣል፤ እንቁላሉን ጥሎ አብዛኛው ይመለሳል። ውሃው ሲጎድል መመለሻ ያጣው በየኩሬው ይቀራል። እኛ በመንጠቆ የምንይዘው ያንን የቀረውን ነው።

ይህን ያስተማረኝ ባሌ ነው፤ ነፍሱን ይማረው። ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። በጾም ወራት ዓሣ እየያዘ አራዳ ላሉት ምግብ ቤቶች ያስረክባል። ምሳውን ይዤለት ስወርድ ስወርድ አንድ ቀን ሸምበቆውን አቀበለኝና «ጥላሽ ውሃው ላይ እንዳይወድቅ። ውሃውም ከጉልበትሽ እንዳያልፍ» አለኝ። የመጀመሪያውን አንዳንዴ እረሳዋለሁ። ሁለተኛውን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም ያዝሁት። እኔ የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ውሃ የሚታየው በእንስራ ውስጥ ብቻ በሆነበት ደጋ ነው። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ ቆመ፤ ዋና የሚያስተምር ደግሞ በአገራችን አልነበረም።

ባሌ ታሞ ካረፈ በኋላ ሸምበቆው ለእኔ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ሰው ሳቀብኝ። ነፍስ አባቴን ዓሣ ለጾም ይሆናል ወይ ብዬ ስጠይቃቸው «እኔ አልበላም፤ አንቺን ግን አልቆጣም» አሉኝ። ጎረቤቴ ይህን ስትሰማ «አየሽ፣ እሳቸውም ጠረኑ አምሯቸዋል» ብላ እስኪያማት ሳቀች።

አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ። ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ፍለጋ ደጅ ስትጠና ከርማ፣ አንድ ቀን ዛሪማ ካሉ ወጣቶች ጋር ትልቁ ወንዝ ላይ ዓሣ ልታጠምድ መሄዷን ነገረችኝ። የነገረችኝም ከሄደች በኋላ በስልክ ነው። ጎረቤቴ «ኧረ ምነው! በዚህ ቤት ዓሣ አጥማጅ አንቺ አትበቂም?» አለች። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሬዲዮኑ ድምፅ ብቻ ሆነ፤ አንዳንዴ ለሬዲዮኑ መልስ ስሰጥ ራሴን እሰማዋለሁ።

መንገዱ አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል። ኔትወርኩም እንዲሁ ነው። ስልኩ በሠራ ቀን የምጠይቃት አንድ ነገር ነው።

«ውሃው እስከ የት ይደርሳል?»

«እማ፣ ምነው ሁልጊዜ ውሃውን ትጠይቂያለሽ?» ትለኛለች። «እኔን ጠይቂኝ እንጂ።»

ታኅሣሥ ሲጋመስ ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ጅረቱ ዳር ቁጭ ብዬ የማየው ክሩ ላይ የሚንሳፈፈውን ቡሽ ሳይሆን እሷን ነው፤ ደረቷ ድረስ፣ አንገቷ ድረስ፣ ከዚያ ጸጉሯ ብቻ። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ለገና ይዣት ልመለስ ቆርጬ ተሳፈርሁ። ደባርቅን አልፈን ሊማሊሞን መውረድ ስንጀምር ዓይኔን ጨፈንሁ። አጠገቤ የተቀመጠች ነጋዴ ክንዴን ይዛ «እትዬ፣ አይዞሽ፤ አንቺ ብትጨፍኚ ምንም አይደል፣ ሹፌሩ ካልጨፈነ ይበቃናል» አለችኝ። ማኪናው ሙሉ ሳቀ። እኔም ዓይኔን ሳልገልጥ ሳቅሁ።

ዛሪማ ሙቀት ነው። ጋቢዬን አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ሰው እየጠየቅሁ ወንዙ ጋ ወረድሁ። ከጅረታችን ጋር አንድ ስም ሊሰጠው የሚገባ ውሃ አይደለም። ልጄ መሀሉ ላይ፣ እስከ ብብቷ ገብታ፣ ክሩን በፕላስቲክ ጠርሙስ ላይ እየጠቀለለች አየኋት። ጠቁራለች፤ ክንዷ ፈርጥሟል። ስታየኝ እየሮጠች ወጥታ እርጥቧን አቀፈችኝ። ልብሴን ሁሉ አራሰችው።

«ለገና ወደ ቤት» አልኋት።

«ጾሙ እስኪፈታ አልንቀሳቀስም፤ ገበያው አሁን ነው። ከዚያ በኋላም እንጃ፣ እማ።»

ያን ሌሊት ከእሷ ጎን ተኝቼ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እንጃ ያለችው ነገር ደረቴ ላይ ተቀምጦ አደረ።

ሲነጋ መቀነቴን ፈታሁ። የደጋ ሴት መቀነት ረጅም ነው፤ ስትወልድም ስታዝንም ወገቧን የሚይዘው እሱ ነው። አንዱን ጫፍ በእሷ ወገብ፣ ሌላውን በእጄ አንጓ ላይ ጠምጥሜ «ካልታሰርሽ አትገቢም» አልሁ። አየችኝ። ተነፈሰችና እሺ አለች፤ እኔን ለማስደሰት ነው።

አብረዋት የሚያጠምዱት ልጆች ይህን ሲያዩ አለቀልን።

«ማዘር፣ ጥጃዋን ጡት አያስጥሏትም?»

«ኧረ ቀስ በሉ፣ ገመዱን በጥሳ ማሳ ትገባለች!»

ዳር ላይ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም አያ ይሏቸዋል። «ተዉአት» አሉ፤ «እናቴ ብትኖር እኔም ታስሬ ነበር የምውለው።» ልጄ አብራቸው ሳቀች። አንገቷን ግን ወደ እኔ አልመለሰችም።

ውሃው ገብታ ክሩ ጫፍ ላይ ለክብደት የብሎን ዳዶ አስራ ወረወረችው። ብዙም ሳይቆይ ተወጠረ። ትልቅ አምባዛ ነው መሰለኝ፤ ጀርባው አንዴ ብቅ ብሎ ጠፋ። በትልቅ ወንዝ እንዲህ ያለውን ዓሣ ክር እየለቀቁለት አብረውት ይሄዳሉ። እሷም እየለቀቀች፣ በጎኗ እየተራመደች ወደ ጥልቁ ሄደች። እኔ የማውቀው የጅረቱን ነው። በጅረት ሲነካሽ ወዲያው መንጭቀሽ ዳር ትጥይዋለሽ። ውሃው ትከሻዋ ላይ ሲደርስ እጄ ያንን ብቻ አወቀ። መነጨቅሁ።

በጀርባዋ ወደቀችና ውሃው ከደናት። ጎትቼ የማወጣት መስሎኝ ይበልጥ ሳብሁ። ወንዙ እግሯን ወደ ታች፣ እኔ ወገቧን ወደ ላይ ስንይዛት ጭንቅላቷ ከውሃ ሊወጣ አልቻለም።

«ልቀቂው!» አሉ አያ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልቀቂው!»

መቀነቱ አንጓዬ ላይ ተጠምጥሞ ጠብቋል፤ ብፈልግም አይለቅም። እኔም መፈለጌን እንጃ። አያ በመረብ መጠገኛቸው ቢላ ቆረጡት።

ከዚያ ልጄ ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው አሸዋ ላይ፣ ክንዷን እያፈራረቀች፣ ዋኝታ ወጣች። ተንበርክካ አሳላት፤ ውሃ ተፋች። ደርሼ ፊቷን በሁለት እጄ ያዝሁ።

«ዋና ትችያለሽ?»

«ስንቴ ነገርሁሽ!» አለች። «በስልክ ስንቴ ነገርሁሽ፣ እማ! አትሰሚኝም።»

ዓሣውም፣ ክሩም፣ ዳዶውም ሄደዋል። ከልጆቹ አንድም የሳቀ አልነበረም፤ እንዲስቁ ተመኘሁ። ልጄ ልብሷን ጨምቃ፣ ከአያ ሌላ መንጠቆ ተበድራ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ገባች። ባዶ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየኋት። ዳር ላይ ተቀምጦ ማየት እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፤ እጇን ግን አላነሳችም።

ማታ እሳት ዳር «ነገ ማኪና አለ» አለችኝ።

«አንቺስ?»

«እኔ ሥራዬ እዚህ ነው። ቤቴም እዚህ ሊሆን ነው መሰለኝ።»

ብዙ ነገር አፌ ላይ መጣ። «ሸጋ» ብቻ አልሁ። ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች፤ ጸጉሯ ወንዝ ወንዝ ይሸታል።

ጠዋት ስነቃ ቀድማኝ ወርዳለች። ራስጌዬ ጨው የነካው ዓሣ በፌስታል ቋጥራ ትታልኛለች። ወንዙ ጋ ልወርድ ተነሳሁ፤ ተመልሼ ጫማዬን አሰርሁና ወደ መናኸሪያው ሄድሁ። ይዞኝ የመጣው ረዳት አወቀኝ።

«እናት፣ ስመለስ ሁለት ቦታ ያዝልኝ ብለውኝ አልነበር?»

«አንድ ነው» አልሁት። «ሌላውን ለሰው ስጠው።»

ለገና ዶሮ የገዛ ሰውዬ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዶሮው በመንገዱ ሁሉ በእግሬ መሀል ሲንፈራገጥ፣ ሰውዬው ሲቆጣው፣ ደባርቅ ደረስን።