በፌስተስ እናት ላይ የቆመው ድንጋይ

ቲፐራሪ በሚባለው አውራጃ ግማሹ ሰው የቤተሰብ ስሙ ራያን ነው፤ የቀረው ደግሞ ራያን አግብቷል። ስለዚህ የሚለየው በቅጽል ስም ነው። ጳጳሶቹ የሚባሉ አሉ፤ አያት ቅድመ አያታቸው አንድ ቀን የጳጳስ ፈረስ ይዞ ስለቆመ። ፍየሎቹም አሉ፤ ምክንያቱን እነሱ ባይነግሩህም ጎረቤት ይነግርሃል።

ኮንሴፕታ ራያን ከፍየሎቹ ናት። ዕድሜዋን ፖስታ ቤት መስኮት ኋላ አሳልፋ ጡረታ ስትወጣ ይህን ስም ለማጥፋት ታጥቃ ተነሣች። መሣሪያዋ የመንግሥት መዝገብ ነበር። ልደት፣ ጋብቻ፣ ሞት፤ ፍየል የሚል የለበትም። ከባሕር ማዶ ዘር ፍለጋ ለሚመጣ ሁሉ ሻይ እየቀዳች፣ "እኔ የመንደር ወሬ አልሰማም፤ በወረቀት ነው የምናገረው" ትላለች። ወረቀት ስለማይጽፈው ነገር አስባ አታውቅም።

ከሜልቦርን ዋረን ራያን የሚባል መኪና ሻጭ የቅድመ አያቶቹን የዳንኤልንና የኦኖራን ጋብቻ ፈልጊልኝ አላት። በአንድ ዓመት ሁለት ዳንኤል ራያን ሁለት ኦኖራ ራያንን አግብተው አገኘች። አንደኛው ሙሽራ "ገበሬ" ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለተኛው "የቀን ሠራተኛ"። ጎረቤት ብትጠይቅ "የጳጳሶቹ ናቸው ወይስ የፍየሎቹ?" ብሎ ባንድ አፍ ይገላግላት ነበር። ያንን ጥያቄ ከምታወጣ ምላሷ ቢቆረጥ ትመርጣለች። ደግሞስ መኪና ሻጭ የቀን ሠራተኛ ዘር ቢሉት ምን ደስ ይለዋል? ገበሬውን ሰጠችው፤ ፈርማም ላከችለት።

ዋረን ጊዜ አላጠፋም። ገበሬው በተቀበረበት፣ ስም ባልነበረበት የጳጳሶቹ መቃብር ላይ፣ ከቅድመ አያቶቹ እስከ አባቱ ያሉትን ስሞች ያስቀረጸበት ጥቁር እብነ በረድ አስተከለ። መቃብሮቹ በሚባረኩበት እሑድም የአባቱን የተቃጠለ አስከሬን አመድ አምጥቶ ቀብሮ፣ መቃብሩን በሲሚንቶ ሊደፍነው ነው።

የጳጳሶቹ የመጨረሻ ሰው፣ ሳንባው ያለቀበት ወንደላጤ ፌስተስ፣ ምርኩዙን ይዞ መጣባት።

"ኮንሴፕታ፣ እናቴ ላይ ማንን ነው የከመርሽባት?"

"መዝገቡ እንዲህ ይላል፣ ፌስተስ።"

"መዝገቡ እናቴን አስታሞ ያውቃል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም! ሐኪሙ ገናን አታይም ብሎኛል። እሷ አጠገብ ካልሆነ የት ልግባ? ፖስታ ቤት?"

አፉን ልታዘጋ የዋረንን አያት የልደት ማስረጃ አስወጣች። የተወለደበት ቤት ረግረጉ ዳር ያለችው ጣሪያ አልባ ጎጆ ሆና ተገኘች። የኮንሴፕታ አያትም የተወለደችው እዚያው ነው። ዋረን ፍየል ነው፤ የገዛ ዘመዷ። ማስረጃውን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ሳምንቱን ሙሉ ሲሚንቶው ሲፈስ ይታያታል።

እሑድ ደረሰ። በዚያ ቀን ቤተሰብ ሁሉ በሙታኑ ራስጌ ይቆማል፤ ቄሱ ጠበል እየረጩ ያልፋሉ። የቆምክበት መቃብር ያንተ ነው፤ ማንም ማስረጃ አይጠይቅህም። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ግን ዋረን አመዱን ታቅፎ፣ ፌስተስ እያሳለ፣ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል።

"እንዴት ነው ነገሩ?" አሉ ቄሱ አባ ኮርማክ። "አንድ መቃብር ለሁለት ቤት?"

ዋረን ወረቀቱን አወጣ። "ፊርማዋ ይኸውና!"

ዓይን ሁሉ ኮንሴፕታ ላይ አረፈ።

"ፊርማው የኔ ነው" አለች። "ስህተቱም የኔ ነው፣ አባ። መቃብሩ የፌስተስ ነው።"

"የኔዎቹስ የት ናቸው?" አለ ዋረን።

"ከአጥሩ ግንብ ሥር፣ ሳማው ውስጥ። የቀን ሠራተኛው ዘር ነህ። የ... የፍየሎቹ። ዘመዴ ነህ።"

አንዱ ከኋላ እንደ ፍየል ጮኸ። ደብሩ በሳቅ ፈነዳ። የኮንሴፕታ አንገት እንደ በርበሬ ቀላ።

"ይህን ሁሉ የበረርኩት ፍየል ልሆን ነው?"

"ሳትበርም ነበርክ፣ ልጄ" አለ ፌስተስ።

ዋረን አመዱን እንደታቀፈ በዚያው ዕለት ተመለሰ። ፌስተስ በኅዳር ሞተና እናቱ አጠገብ ገባ። ድንጋዩን ግን ዋረን አላነሣም፤ እንዳይነካበትም ጠበቃ አቆመ። ፌስተስ የተኛው በሰው ስም ሥር ነው።

አሁን ከየአገሩ የሚመጡ ራያኖች ያንን እብነ በረድ ፎቶ አንሥተው ለኮንሴፕታ ይልኩላታል፤ "ዘራችንን አገኘን፤ የማይካድ ማስረጃ!" እያሉ። እሷም ለእያንዳንዱ ቁጭ ብላ፣ ሐሰት ነው ብላ ትጽፋለች። እስካሁን ያመናት የለም።