ጃፋር የፈረመው ወረቀት

ከጭሮ የወጣነው ጎህ ሲቀድ ነው። እኔ የሩሲያን ዘመናዊ ታሪክ ልማር፣ ጃፋር ደግሞ ቋንቋውን ለምዶ ምህንድስና ሊገባ። እናቱ እማማ ፋጡማ ሊሸኙን ከመቻራ ድረስ መጥተው፣ መናኸሪያው መሀል የሱን እጅ እጄ ላይ አስቀመጡና «ታላቁ አንቺ ነሽ፤ አደራ» አሉኝ። አባቴ ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠለትም። «የሰው አገር ታሪክ? የራሳችንን መች ጨረስሽውና!» አለኝ። ስቄ ተሳፈርኩ።

እናንተዬ፣ ብርድ ማለት እዚህ ሩሲያ ነው! የጭሮን የሐምሌ ብርድ ጋቢ ይመልሰዋል፤ ይሄኛው አጥንት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቦርሽ የሚሉት የቀይ ሥር ሾርባም በርበሬ የሚባል ነገር አያውቅም። እሱንስ ለመድኩት፤ ያልለመድኩት ትምህርቱን ነው። ቀኑን ሙሉ ቤተ መዛግብት ተቀምጬ፣ በዚያ መንግሥታቸው የራሱን ሰው በሚፈጅበት በሽብሩ ዘመን ሰዎች ተገደው የፈረሙባቸውን ወረቀቶች አነባለሁ። መምህራችን «ፊርማውን አይታችሁ አትለፉ፤ ሰውዬው ከዚያ በኋላ የት ደረሰ?» ይሉናል። አብዛኛውን ጊዜ የትም አልደረሰም።

ጃፋር የቋንቋ ፈተናውን ወደቀ፤ ቪዛው ሊያልቅ ሳምንት ቀረው። በረመዳን አንድ ከሰዓት በኋላ ወደ ኦብሼዢቲዬ፣ ወደ ተማሪ ማደሪያችን፣ ወረቀት ይዞ መጣ።

«የመጋዘን ጥበቃ ሥራ ነው አሉኝ አንድ ቀጣሪ ቢሮ ውስጥ፤ የመኖሪያ ፈቃድም ይሰጣሉ። እስቲ አንብቢልኝ።»

ስድስተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ክው አልኩ። ውሉ የወታደር ነው። ወደታዘዘበት ግንባር ይሄዳል ይላል። ቀና ብዬ አየሁት፤ ከንፈሩ ደርቋል። እኛ አገር ለራበው ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም፣ መጀመሪያ እህል ይቀምሳል። እኔም ያደግሁበትን አደረግሁ።

«እንዴት ነው?» አለኝ።

«ረጅም ነው፤ ስታፈጥር እናወራለን» ብዬ ምስር ልሠራ ወጥ ቤት ገባሁ።

ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው። ለካ ቀጣሪዎቹ ቢሮው ሊዘጋ ነው ብለው ደውለውለት፣ ወረቀቱን ይዞ ሄዶ ኖሯል። ለማፍጠሪያ ሲመጣ ፊቱ በርቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ፈረምኩ!» አለኝ። ያኔ ነገርኩት። ቴምሩ እጁ ላይ ቀረ።

የተፈረመ ውል አይፈርስም ብለው በሳምንቱ ወሰዱት። ስልኩ ከተዘጋ ሁለት ወር አለፈው። ልጠይቅ ያስፈረሙት ቢሮ ሄድኩ።

«ምኑ ነሽ?» አለችኝ ጸሐፊዋ።

«የአገሩ ልጅ ነኝ።»

የዘመድ መጠየቂያ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየችው። «እንዲህ የሚባል ዝምድና የለም። ሚስቱ ነሽ?»

«አይደለሁም።»

«እንግዲያው ተጋቡና ነይ» አለችኝ፣ የምሯን እኮ ነው! የት አግኝቼው?

ትናንት እማማ ፋጡማ ደወሉ። «አካም፣ ፈያ?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቁኝ እንደ ሁልጊዜው። ሁለት ወር ሙሉ ክፍል ገብቷል፣ ስልኩ ተበላሽቷል እያልኩ ዋሽቻቸዋለሁ፤ ከዚህ በላይ አቃተኝ። ፈርሞ ጦር ሜዳ መሄዱን እያለቀስኩ ነገርኳቸው። ከዚያ፣ አቤት ጌታዬ፣ እኔን ማጽናናት ጀመሩ።

«አይዞሽ ልጄ፣ አታልቅሺ። ደብቆሽ ነው የፈረመው። አንቺ ወረቀቱን አይተሽው ቢሆን ኖሮ ትነግሪው ነበር፤ አይደል?»

«አዎ እማማ» አልኳቸው።