ልነሣ ነው፣ እትዬ

ጣልያን ከመግባቱ በፊት ነው። መቱ ከተማ ያሰሩኝ ቤት በሩ አጭር ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ስገባ ከሳሼም አብራኝ ጎንበስ አለች። ቁራኛ ነና። ክሱ እስኪታይ ድረስ የእሷ ቀኝ እጅ ከእኔ ግራ እጅ ጋር በአንድ ሰንሰለት ታስሯል።

ጎረቤቴ ናት። ዶሮዎቼ ጎመኗን ስለጫሩባት ቂም ይዛለች። ከገዥው ተጣልቶ የሸፈተው ልጄ ጓሮዬ መጥቶ ከእጄ ስንቅ ሲቀበል አየሁ ብላ ከሰሰችኝ። ከማለችብኝ እገረፋለሁ፤ ከተገረፍኩ ልጄ የተደበቀበትን የዳሪሙን ጫካ አወጣለሁ። ከጅራፉ ይልቅ ምላሴን ፈራሁት።

እኔ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ። ባሳከከኝ ቁጥር ሰንሰለቱን እመነጭቅባታለሁ፤ እሷም ባስነጠሳት ቁጥር ትመነጭቀኛለች። ዘበኛው በሩን በእርግጫ ከፍቶ «ጨል ጄዳ! ዝም በሉ!» ይላል። ማን ሰምቶት!

በሦስተኛው ቀን አንጓችን ቆሰለ። እሷን ማረም እንደሁ ሃያ ዓመት ሞክሬ አቅቶኛል። የራሴን እጅ ግን እችለዋለሁ አልኩ።

«ልነሣ ነው፣ እትዬ።»

«ዛሬ ደግሞ እትዬ ሆንኩ! ምን ቀምሰሽ ነው?»

«ይፈቅዳሉ?»

«ኧረ ተነሺ አቦ!»

ሳቀችብኝ። በማግስቱም ሳቀችብኝ። እኔ ግን ለማከክ እንኳ እያስፈቀድኩ ዋልኩ። በአምስተኛው ቀን «ላስነጥስ ነው፣ እትዬ» አለችና ራሷ ደነገጠች። ዘበኛው ሳይቀር ማንኳኳት ጀመረ፤ «ይግቡ» እስክንለው ደጅ ይቆማል።

ችሎት ቀረብን። ዳኛው «እጅሽን አንሥተሽ ማይ» አሏት።

ወደ እኔ ዞረች። «እጄን ላነሣ ነው፣ እትዬ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ልመነጭቃት ቃጣኝ፤ ተውኩት።

«ያንሡ፣ እትዬ» አልኩና እጄን አብሬ አነሣሁላት።

«አንቺን ደግሞ ማን ማይ አለሽ?» አሉኝ ዳኛው።

«ሰንሰለቱ ነው፣ ጌታዬ።»

እጃችን እንደተሰቀለ ቆየ። ቀስ ብላ «ላወርደው ነው» አለችኝ። አወረድነው።

«ጌታዬ፣ ያየሁት ጀርባ ነው። ፊቱን አላየሁም። በጀርባ አልምልም።»

ፈቱን።

አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ጋ አብረን እናርፋለን። መሄድ ሲያምራት «ልነሣ ነው፣ እትዬ» ትለኛለች፤ «ይነሡ» እላታለሁ። ምሕረት አግኝቶ የተመለሰው ልጄ እየመራ ቤቷ ያደርሳታል። ከኋላው እየሄደች ጀርባውን ትክ ብላ ታየዋለች።

ስለዚያ ጀርባ እስከ ዛሬ አንድም ነገር አላለችኝ።