ላቧ የደረቀ በቅሎ

ነገሩ በጠቅላላ ያስወጣኝ ሁለት ጀሪካን አረቄና አንድ ጋቢ ነው። ፍርሃቱን አላስገባሁም፤ እሱን የሚገዛ የለም።

በቅሎዋ የአማቴ ናት። እግራቸው ከተያዘ ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም ጤና ጣቢያም የምታደርሳቸው እሷ ነች። አውሰውኝ አያውቁም ነበር። ያን ቀን ምን እንደነካቸው እንጃ፣ «ውሰድ፤ ግን እንደ ዓይንህ» አሉኝ። እኔም ለወገዳ ገበያ አረቄዬን ጫንኩና በሚያዝያ ሐሩር ከቆላው ሽቅብ ዳገቱን ተያያዝኩት። አንድ መንገደኛ ሽማግሌ አብረውኝ ይሄዱ ነበር።

ዳገቱ እኩሌታ ላይ ግራር ጥላ ሥር ቆምን። በእኛ አገር የበቅሎ ላብ ሳይደርቅ ጭነት አይወርድም፤ ብርድ ይመታታል ይባላል። እጄን ከጭነቱ በታች ባለው መደላድል ሥር ሰድጄ ዳሰስኳት፤ ደረቅ ናት።

«ቀዝቅዛለች፤ ማውረድም አያስፈልግ፣ እንቀጥል» አልኩ። እንደ እኔ የበቅሎ ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን የሚናገር ነጋዴ፣ ላብ ያታልለዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

ጥቂት እንደሄድን ቀጥ አለች። አፍንጫዋ እንደ ወናፍ ይከፈታል፣ ጎኗ ይርገበገባል፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል፤ ገላዋ ፀሐይ ላይ እንደዋለ ቆርቆሮ ግሏል። ጭነቱን ጣልኩና እጄን ከፊት እግሯ ኋላ ባሳርፍ ልቧ ይጋልባል፤ መሃል ላይ ይስትና እንደገና ይነሣል። በሳተ ቁጥር የእኔም አብሮ ይስታል።

ወገዳ ላለ የእንስሳት ሐኪም ደወልኩና ያለችበትን ነገርኩት።

«ላቧስ?»

«እግዜር ይመስገን፣ ደርቋል!»

«ምን እግዜር ይመስገን አለው! በቅሎ ሙቀቷን የምታወጣው በላቧ ነው። ደሟ ሙቀቱን ወደ ቆዳዋ ያመጣል፣ ላቡ እየተነነ ይወስድላታል። ላቡ ከቆመ ውስጧ እየነደደ ነው። ውሃ አፍስስባት!»

«ወንዙ ታች ቀርቷል።»

«ታዲያ ምን አለህ?»

«አረቄ።»

«እሱም ይተናል። ዓይኗንና አፍንጫዋን ጠብቅ፣ አንገቷ ላይ አፍስስና አራግብ» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ሽማግሌው ጮኹ፦ «አንተ ሰውዬ! በጋለ ገላ ላይ ቀዝቃዛ? አሁን ነው ድፍት የምትልልህ!»

«ሌላ መላ ካለዎት ይንገሩኝ፣ አባባ!»

«መላስ የለኝም። አረቄው ግን ያሳዝናል።»

አንገቷ ላይ አፈሰስኩ። ጋቢዬን ነክሬ እስኪቀደድ ጀርባዋን አበስኩ፤ ሽማግሌውም እያጉረመረሙ በነጠላቸው ያራግቡላት ጀመር። የመጀመሪያው ጀሪካን አለቀ፣ ምንም። አማቴ በራቸው ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቁልቁል ሲያዩኝ ይታየኛል። ሁለተኛውን ከፈትኩ። እሱም ሊያልቅ ሲል ከጆሮዋ ሥር፣ አረቄ ያልደረሰበት ቦታ፣ እርጥብ ነገር ዳሰስኩ። ላብ ነው። ትንፋሿ ቀስ እያለ ረዘመ። እኔም ጀሪካኑን ጥዬ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

አመሻሽ ላይ ለአማቴ መለስኳት። ጋማዋን አሸተቱ።

«ይቺ ደግሞ ከማን ጋር ስትጠጣ ዋለች?»

«አልጠጣችም፣ ታጥባ ነው።»

ገመዱን ከእጄ ነጥቀው ራሳቸው አሰሯት።

አረቄው የለም። ትርፍ የለም። በቅሎዋ አለች።