ከአባቴ ጋር ጌሚንግ ላፕቶፕ ስንመርጥ

አባቴ ቄስ ናቸው። እኔ ላሊበላ ውስጥ እንግዳ አስጎበኛለሁ፤ እንግዳ ሲጠፋ ደግሞ ቤት እቀመጣለሁ። እንዲህ ቤት በተቀመጥኩበት አንድ ክረምት ነበር ለኮምፒውተር ጨዋታ ቤቱን፣ ተራራውንና ደረጃውን እየሣሉ የሚተዳደሩ ሰዎች እንዳሉ የሰማሁት። ድንጋይ ስመለከት ነው ያደግሁት፤ ይህማ አያቅተኝም አልኩ። በኢንተርኔት የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ግን “መጀመሪያ ጌሚንግ ላፕቶፕ ግዛ” አለኝ።

ለአባቴ ስነግራቸው የሰሙት “ጌም” የሚለውን ብቻ ነው።

“ሠላሳ ዓመት ሊሞላህ ነው እኮ! አሁን ጨዋታ አማረህ?”

“ለጨዋታ አይደለም አባባ፤ ለሥራ ነው።”

“ታዲያ የሥራውን አትገዛም?”

እውነቱን ለመናገር ለሥራ ለምን የጨዋታ ላፕቶፕ እንደሚያስፈልግ ለእኔም አልገባኝም ነበር። በማግስቱ “አብሬህ እሄዳለሁ” አሉ። የያዝኩት ገንዘብ ትንሽ መሆኑን ስለሚያውቁ፣ እንዳልታለል ሰግተው ይመስለኛል።

በጋሸና አድርገን ወልድያ ወረድን። የመጀመሪያው ባለሱቅ የአባቴን መስቀል ተሳልሞ ወንበር አቀረበላቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ራም፣ ፕሮሰሰር፣ ግራፊክስ ካርድ እያለ ያወርድብኝ ጀመር። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅሁ። “ዋናው ራሙ ነው” ብሎ ደመደመ። ከመንገዱ ማዶ ያለው ባለሱቅ ደግሞ “ራም በኋላም ይጨመራል፤ ምስሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ግን አብሮ የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም” አለኝ። ሁለቱም እርግጠኞች ነበሩ። ገንዘቤ የሚበቃው ወይ ለአዲስ ደካማ፣ ወይ ላገለገለ ጠንካራ ነው። ያገለገለው ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ እኛ ሰፈር ደግሞ መብራት ይጠፋል። አንዱን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ ሌላውን አነሳለሁ።

“አባባ፣ የትኛው ይሻላል?”

“እኔን ነው የምትጠይቀው?”

ሁለተኛው ባለሱቅ የማሽኑን ጉልበት ሊያሳየን ጨዋታ ከፈተ። አንድ ወታደር ግድግዳ ተጠግቶ ይተኩሳል። የተኩሱ ድምፅ ሱቁን ሞላው። አባቴ ተነሥተው ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ ደጃፉ ላይ ቆመው ጋቢያቸውን ያስተካክላሉ።

“አመመዎት እንዴ?”

“ድምፁ” አሉ። “ቁርጥ ያኛውን ነው።”

ጦርነቱ ከተማችን የገባ ጊዜ ሁለታችንም ወለሉ ላይ ተኝተን የሰማነው ድምፅ ነበር። እኔ እንዴት እንዳላስታወስኩት አላውቅም። ዓይኔ ጭሱና የግድግዳው ጥላ ላይ ነበር፤ እንዴት አሳምረው ሠሩት እያልኩ ነበር። አሁን ምን ልገዛ እንደመጣሁ ራሱ ጠፋብኝ።

“ይቅርብን፣ እንመለስ” አልኳቸው።

“አንተም የምትሥለው እንዲህ ያለውን ነው?”

“እኔ ቤቱንና ተራራውን ነው። ሰው ምን እንደሚያደርግበት ግን አላውቅም።”

ተመልሰው ገቡና ባለሱቁን “ልጄ፣ ሰው የማይሞትበት ጨዋታ የለውም?” አሉት። ልጁ ደነገጠ፤ ይቅርታ ጠየቃቸውና የመኪና እሽቅድድም ከፈተ። መኪናዋ ገደል ስትገባ አባቴ “በስመ አብ!” ብለው አማተቡና ሳቁ። ያገለገለውን ገዛን። ለምን እሱን መረጣችሁ ብባል ዛሬም በቅጡ አልመልስም። ደክሞን ነበር፤ ልጁም ይቅርታ ጠይቆናል።

እስካሁን የሸጥኩት ሥዕል የለም። መብራት ሲኖር እማራለሁ፤ ማሽኑ ይግላል፣ ማራገቢያው ይጮኻል። በመጀመሪያ አሟልቼ የሠራሁት የገዛ ቤታችንን ነው፤ ስክሪኑ ላይ እየዞረ በሁሉም በኩል ይታያል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩትና “መስኮቱን አዛወርከው” አሉኝ።

“ከበሩ በስተቀኝ አይደል?”

“በስተግራ ነው እንጂ።”

ተከራክረን ተከራክረን ሁለታችንም ወጣንና ግቢው ውስጥ ቆመን አየነው። በስተቀኝ ነው። ተመልሰን ገብተን ከውስጥ አየነው፤ በስተግራ ነው።

“አንተ ስትሥለው የት ሆነህ ነበር?” አሉ አባቴ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ሥዕሉን ወዲያና ወዲህ አዞርኩት። አላስታወስኩም።